በእጅ ስልክ ዝርዝር ውስጥ አንዱን መስመር አድምቆ ስለ መለየት

ለነጋዴዎች፣ ለባለሱቆችና ለጸሐፊዎቻቸው የቀረበ ትምህርት

በጨርጨር ደጋ ላይ በሚገኙት ከተሞች፣ ማለት ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) አንሥቶ እስከ በደሳ፣ ገለምሶና ሒርና ድረስ፣ የነጋዴው የዱቤ መዝገብ ከጠረጴዛ መሳቢያ ወጥቶ ወደ እጅ ስልክ መግባት ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ፣ ሳፋሪኮምም ኤም ፔሳን በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ካስከተለ፣ ባንኮችም የየራሳቸውን መተግበሪያ ካቀረቡ ወዲህ፣ ለቡና አቅራቢ የጀንፈል ዋጋ መክፈልም ሆነ ለአዲስ አበባ ጅምላ ሻጭ የስኳርና የዘይት ሒሳብ መላክ፣ ከአንድ ረጅም ዝርዝር ውስጥ አንዱን ስም መርጦ በጣት መንካት ሆኗል። የዛሬው ትምህርታችን ያችኑ የመንካት ቅጽበት ይመለከታል። ይኸውም ስልኩ «የመረጡት ይህን ነው» ሲል አንዱን መስመር ከሌሎቹ ለይቶ የሚያደምቅበት ዘዴ ምን እንደሆነ፣ በምን ምክንያት እንደሚያሳስት፣ ነጋዴውም መተግበሪያ ሲያሠራ ምን መርምሮ መረከብ እንደሚገባው ለመግለጽ ነው።

ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በቡና መልቀሚያ ወራት አንድ መካከለኛ ነጋዴ ከአርባና ከሃምሳ አቅራቢዎች ጋር እንደሚገበያይ፣ በአገራችንም መሐመድ፣ አሕመድና አብዲ የሚባሉ ስሞች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ደጋግመው እንደሚገኙ ለሚያውቅ ሰው ትንሽ አይደለም። ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የደመቀው የትኛው እንደሆነ በሚገባ ካልታየ፣ የአንዱ ዋጋ ለሌላው ይሄዳል። አንድ ጊዜ የሄደን ገንዘብ ለማስመለስ ደግሞ ደጅ መጥናትና የተቀባዩን ቅን ልቡና መለመን ያስፈልጋል። በወረቀት መዝገብ ላይ የተሳሳተ ምልክት በማግስቱ በላጲስ ሊጠፋ ይችል ነበር፤ በስልክ ግን ምልክቱና ክፍያው በአንድ ትንፋሽ ይፈጸማሉ።

አንድን ነገር ከብዙ ነገሮች መካከል በቀለም ለይቶ ማሳየት ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎቻችን ጽሑፉን በጥቁር ቀለም እየጻፉ፣ የአምላክንና የእመቤታችንን የቅዱሳንንም ስም በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር። በሐረር የተጻፉት የዓረብኛ የእጅ ጽሑፎችም ቀይ ቀለምን ለመለያ ተጠቅመውበታል። በንግድ በኩል የመጣን እንደሆነ፣ ባለሁለት ወገን የሒሳብ አያያዝን በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ከተማ በመጽሐፍ አሳትሞ ያወጣው ኢጣልያዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ፣ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የተዛወረ ሒሳብ ሁሉ ሁለተኛ እንዳይዛወር በመስመር እንዲሰረዝ አስተምሯል። እኛም በየሱቁ «ራይት» የምንላትን ምልክት ከተከፈለው ዱቤ ጎን የምናኖረው ለዚሁ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ስልኩ የሚያደርገው የቆየውን ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ቀድሞ ምልክቱን የሚያኖረው የጸሐፊው እጅ ሲሆን፣ ዛሬ ግን ምልክቱን የሚያኖረው መተግበሪያውን የጻፈው ሰው አስቀድሞ ያዘዘው ሥርዓት መሆኑ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ዓይነት ማድመቅ መኖሩን መለየት ይገባል፤ በእኔ አስተያየት ከስሕተቱ ሁሉ የሚበዛው እነዚህን ሦስቱን ከማደባለቅ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው የቅጽበት ማድመቅ ነው። ጣት ሲያርፍበት መስመሩ ጠቆር ወይም ፈካ ብሎ፣ ጣት ሲነሣ ወዲያው ይመለሳል። ይህ «ሰምቻለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። በገበያ ላይ «እሺ» እንደሚባለው ያለ ነው፤ እሺ ማለት ደግሞ ተከፈለ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የምርጫ ማድመቅ ነው። ቀጥሎ የሚሰጠው ትእዛዝ፣ መላክም ቢሆን መሰረዝም ቢሆን፣ በየትኛው መስመር ላይ እንደሚወድቅ ያሳያል። በቴሌግራም አንዱን ንግግር ነክተው ጥቂት ቢያቆዩት መስመሩ ምልክት ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችን ቢነኩ እነርሱም ይጨመራሉ፤ ከላይ በኩል ደግሞ ስንት እንደተመረጠ በቁጥር ይጻፋል። ይህች ቁጥር እጅግ የምትጠቅም ናት። አንድ ለመሰረዝ አስበው ከላይ 2 የሚል ቢያዩ፣ ከዓይን የተሰወረ ሌላ መስመር ተመርጧል ማለት ነውና እጅዎን ይሰብስቡ።

ሦስተኛው የሁኔታ ማድመቅ ነው። ተከፍሏል፣ አልተከፈለም፣ ቀኑ አልፏል፣ አልተነበበም የሚለውን ነገር ለዘለቄታ የሚያመለክት ነው። ይህኛው የመዝገብ ያህል ክብር አለው፤ ስልኩ ጠፍቶ ቢበራ እንኳ እንደነበረ መገኘት ይገባዋል።

መልካም መተግበሪያ ለሦስቱ ሦስት ልዩ ልዩ መልክ ይሰጣቸዋል። መጥፎው ግን ሦስቱንም በአንድ ሰማያዊ ቀለም ያሳያቸዋል፤ ነጋዴውም የመረጠውን የከፈለው፣ የነካውን የመረጠው ይመስለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ይህ ክፍል ጥቂት ትዕግሥት ቢጠይቅም መተግበሪያ ለሚያሠራ ነጋዴ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ነው።

አንድ የበደሳ ነጋዴ የአቅራቢዎቻቸውን ሒሳብ የሚይዝ መተግበሪያ አሠርተው ነበር። መተግበሪያው የተከፈለውን ሰው መስመር አረንጓዴ ያደርጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደስ አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግን አራት ሰው ከፍለው ዝርዝሩን ወደ ታች ቢያንሸራትቱት፣ ያልከፈሏቸው ሌሎች ሦስት ሰዎችም አረንጓዴ ሆነው ተገኙ። ወደ ላይ መልሰው ቢያንሸራትቱት ደግሞ ከአራቱ አንዱ ነጭ ሆነ። ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱ ጀንፈሉን ከገጠር በአህያ ጭኖ ያመጣ ሽማግሌ ገበሬ ነበረና፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ስልኩን አይቶ «ያንተ ተከፍሏል» ብሎ መለሰው። ሽማግሌው አልተከራከረም፤ ከመጋዘኑ ደጃፍ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ እስኪመጡ ድረስ ጠበቀ። ነጋዴው በመጡ ጊዜ የወረቀቱን መዝገብ አስወጥተው አመሳከሩና ገንዘቡን በእጁ ቆጠሩለት። በማግስቱም መተግበሪያውን የሠራውን ወጣት በስልክ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ቀለሙን የቀባኸው ጆንያውን ነው ወይስ ቡናውን?» አሉት።

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱን ላስረዳ። በቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ አንድ ጊዜ ብቻ አያገለግልም። ዛሬ የአንዱ አቅራቢ ቡና የነበረበት ጆንያ ነገ ተራግፎ የሌላው ይሞላበታል። በጆንያው ላይ የተጻፈው የቀድሞ ባለቤት ምልክት ሳይፋቅ ከቀረ፣ ምልክቱን ብቻ የሚያይ ሠራተኛ የአንዱን ቡና ለሌላው ያስረክባል። የስልኩም ዝርዝር የሚሠራው እንደዚሁ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ስድስት መቶ ስሞች ቢኖሩ፣ በስልኩ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ የሚታዩት ስምንት ወይም አሥር ናቸው። ስለዚህ ስልኩ ስድስት መቶ መስመር አያዘጋጅም፤ የሚያዘጋጀው ለዓይን የሚበቃውንና ጥቂት ትርፍ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ሲንሸራተት ከላይ ወጥቶ የተሰወረው መስመር ስሙ ተፍቆ፣ አዲስ ስም ተጽፎበት፣ ከታች ተመልሶ ይገባል። በአንድሮይድ ስልኮች ይህን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ሪሳይክለርቪው ይባላል፤ የጉግል ኩባንያ ያወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን የአይፎን ስልኮችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው።

ዘዴው በራሱ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ዋጋው ቀላል የሆነ ስልክ እንኳ ረጅም ዝርዝርን ሳይንገታገት የሚያንሸራትተው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ነጋዴው መስመሩን በነካ ጊዜ ያንኑ መስመር አረንጓዴ ቀብቶ ሲተወው ነው። ጆንያውን ቀባ ማለት ነው። መስመሩ ከታች በሌላ ሰው ስም ሲመለስ አረንጓዴነቱን ይዞ ይመለሳል። ማድረግ የሚገባው «ይህ ሰው ተከፍሎታል» የሚለውን ቃል ከሰውዬው ሒሳብ ጋር መጻፍ፣ ከዚያም መስመሩ አዲስ ስም በተጻፈበት ቁጥር ሁሉ ሒሳቡን እየጠየቀ፣ ተከፍሎት እንደሆነ አረንጓዴ፣ አልተከፈለውም እንደሆነ ነጭ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ «አልተከፈለውም እንደሆነ ነጭ» የሚለው ትእዛዝ የግድ አስፈላጊ ነው፤ ብዙ ወጣቶች አረንጓዴውን ያዝዙና ነጩን ሳያዝዙት ይቀራሉ። የቀድሞውን ምልክት ሳይፍቁ በጆንያው መጠቀም ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር የተዛመደ ሌላ ስሕተት አለ። አንዳንዱ መተግበሪያ የተመረጠውን ሰው የሚያስታውሰው በማንነቱ ሳይሆን በተራ ቁጥሩ ነው፤ «ሦስተኛው ተመርጧል» ብሎ ይይዛል። በዚህ መካከል አዲስ ክፍያ ደርሶ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ቢቀመጥ፣ ሦስተኛ የነበረው አራተኛ ይሆናል፤ ማድመቂያው ግን በሦስተኛው ቦታ ላይ ቀርቶ በሌላ ሰው ላይ ያርፋል። ዝርዝሩ ከስም ተራ ወደ ገንዘብ መጠን ተራ ሲለወጥም እንዲሁ ይሆናል። በወረፋ ላይ የቆሙትን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በቆሙበት ድንጋይ የሚያውቅ ዘበኛ፣ ሰዎቹ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ባሉ ጊዜ ሁሉንም ያሳስታል። ስለዚህ እያንዳንዱ አቅራቢና እያንዳንዱ ባለ ዱቤ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ምልክቱም በዚያ ቁጥር ላይ ይጻፍ። የስልክ ቁጥሩን መለያ ማድረግ ቀላል ቢመስልም አልመክርም፤ ሰው ሲም ካርዱን ይለውጣል፣ አባትና ልጅም በአንድ ስልክ የሚገበያዩበት ጊዜ አለ።

ሠሪው ይህን ሁሉ በሚገባ ቢሠራ እንኳ ነጋዴው ራሱ የሚጠነቀቀው አንድ ነገር ይቀራል። መረቡ ደከም ባለ ጊዜ ዝርዝሩ በየጥቂቱ እየመጣ ይሞላል፤ ጣት ወደ አንዱ ስም ሲወርድ ከላይ አዲስ መስመር ገብቶ ሁሉንም ወደ ታች ይገፋቸዋል፤ ጣቱም ባላሰበው ስም ላይ ያርፋል። የምትሽከረከረው ምልክት እስክትቆም ድረስ አለመንካት ነው። በተለይ ጭነት በሚጣደፍበት ሰዓት፣ የጫት ነጋዴው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ ይህን መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የሆነ ሆኖ ጥቂት ሰኮንድ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ፕሮግራም መጻፍ ባይችልም መመርመር ይችላል። መተግበሪያውን ከመረከቡ በፊት ቢያንስ አንድ መቶ ስም ያስገባበት፤ በአሥር ስም የተሞከረ ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያልቅ ጉድለቱን አያሳይም። (ሠሪዎች ለማሳየት ሲመጡ ሁልጊዜ አምስት ስድስት ስም ብቻ ያለበት ዝርዝር ይዘው የሚመጡት ስለ ምን እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።) ከዚያም ሦስተኛውን መስመር ምልክት ያድርግበትና ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንሸራትቶ በመንገዱ ላይ ሌላ የደመቀ መስመር እንዳለ ይመልከት፤ ተመልሶም ሦስተኛው እንደደመቀ ይቆይ እንደሆነ ያረጋግጥ። ቀጥሎ ስልኩን በጎኑ ያጋድመው። ብዙ መተግበሪያዎች ስልኩ ሲጋደም ገጹን እንደገና ስለሚሠሩት ምርጫው በዚያን ጊዜ ይጠፋል። ደግሞም ዝርዝሩን ከስም ተራ ወደ ቀን ተራ ይለውጥ፤ አዲስ ስም ከላይ ይጨምር፤ በመጨረሻም መተግበሪያውን ፈጽሞ ዘግቶ እንደገና ይክፈት። በዚህ ሁሉ ውስጥ ምልክቱ ከሰውዬው ጋር ከተጓዘ ሥራው ተሠርቷል፤ ከቦታው ጋር ከቀረ ወይም ከመስመሩ ጋር ከዞረ ግን ገና ነው። ምርመራው ቡና ፈልተው የመጀመሪያውን ስኒ እስኪጠጡ ባለው ጊዜ ያልቃል።

ስለ ቀለምም ጥቂት እንናገር። በወረቀት ላይ የለመድነው ፈካ ያለ ቢጫ በስልክ ላይ ብዙ አይረዳም። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሺየም የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ሲመዛዘን የብርሃን ልዩነቱ ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ምልክትና የጠርዝ መስመር ደግሞ ቢያንስ 3 ለ1 መሆን ይገባዋል። ጥቁር ጽሑፍ በቢጫ መደብ ላይ በጣም ይነበባል፤ ነገር ግን ቢጫው መስመር ከነጩ ጎረቤቱ ጋር ሲመዛዘን ልዩነቱ 1.1 ለ1 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ፣ በገበያ መካከል ቆሞ ስልኩን ለሚያይ ሰው፣ የደመቀውና ያልደመቀው አንድ ሆነው ይታያሉ። እኛ በየሱቁ ውስጥ ስናየው ያማረ የነበረው ነገር ደጅ ሲወጣ ይጠፋል።

ይኸው መመሪያ አንድን ነገር በቀለም ብቻ መግለጽ እንደማይገባም ያዝዛል። ቀይና አረንጓዴን ለይተው የማያዩ ሰዎች አሉ፤ በአውሮፓውያን ዘንድ ከአሥራ ሁለት ወንዶች አንዱ እንዲህ ያለ እንደሆነ ይነገራል፤ በአፍሪካ ቁጥሩ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሰው በየገበያው አይታጣም፤ ብዙውን ጊዜም ራሱ አያውቀውም። «ቀይ ያልተከፈለ፣ አረንጓዴ የተከፈለ» የሚል ዝርዝር ለዚህ ሰው ባዶ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከቀለሙ ጋር አንድ ሌላ ምልክት ይኑር፤ ከመስመሩ ራስ ላይ የራይት ምልክት፣ በግራ ጠርዝ ወፈር ያለ ጥቁር መስመር፣ ወይም «ተከፈለ» የሚል ቃል። ከሦስቱ የማስበልጠው ቃሉን ነው። ማንበብ ለማይችል ደንበኛ የሚያሳዩት ከሆነ ግን የራይቱ ምልክት ይሻላል። ምልክቱ ማየት የተሳናቸውንም ይጠቅማል፤ ገጹን በድምፅ የሚያነበው መሣሪያ «ተመርጧል» ብሎ የሚናገረው፣ ሠሪው ምርጫውን ከቀለም በላይ አድርጎ በሥርዓት ከጻፈው ነው።

በነገራችን ላይ ቀይ ቀለም በእኛ ዘንድ ሁለት ትርጉም ይዞ ተቸግሯል። በብራና ላይ የክብር ምልክት፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የዕዳ ምልክት ነው። ስልኩ ደግሞ ሦስተኛ ጨምሮበት፣ ለመሰረዝና ለስሕተት አድርጎታል። አንድ መተግበሪያ ዋና ደንበኞችን በቀይ ሲያደምቅ አይቼ፣ ደንበኞቹ ሁሉ ባለዕዳ መስለውኝ ነበር። ቀይን ለዕዳ ብቻ መተው ይበጃል።

የመስመሩ ስፋትም ከማድመቁ አይለይም። ጉግል ለአንድሮይድ ሠሪዎች የሚሰጠው ምክር፣ በጣት የሚነካ ነገር ሁሉ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመትና ስፋት እንዲኖረው ነው። ከዚህ ጠበብ ያለ መስመር፣ ጆንያ ሲያነሣና ሲጥል የዋለ ሰፊ ጣት በሁለት ስሞች መካከል ይወድቅበታል። በአንድ ገጽ ብዙ ስም ለማሳየት ሲባል መስመርን ማጥበብ የተሳሳተ ቁጠባ ነው።

አሁን ደግሞ የራሱን መተግበሪያ ለማሠራት አቅም ለሌለው ባለሱቅ። ጉግል ሺትስ የተባለው የሠንጠረዥ መተግበሪያ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ለዱቤ መዝገብ ይበቃል። አንድ መስመር ለማድመቅ በግራ በኩል ያለውን የመስመሩን ቁጥር መንካት ነው፤ ሙሉ መስመሩ ይያዛል፤ ከዚያ ከላይ በኩል ፊደልና ሰረዞች የተሣሉበትን ምልክት ነክቶ የመደቡን ቀለም መምረጥ ነው። ስሙ የተጻፈበትን አንዱን ክፍል ብቻ ቢቀቡ ግን፣ ዓይን ወደ ገንዘቡ ዓምድ ሲሻገር መስመሩን ይስታል፤ በስልክ ጠባብ ገጽ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ነገር ግን በእጅ ከመቀባት የሚሻል መንገድ አለ። «ሁኔታ» የሚል አንድ ዓምድ ይከፈትና በዚያ ውስጥ «ተከፈለ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ማስዋቢያ በሚባለው ትእዛዝ፣ ይህ ቃል ያለበት መስመር ሁሉ በራሱ ጊዜ አረንጓዴ እንዲሆን ይታዘዝ። ይህ የሚሻለው ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቀለም አይደመርም፤ ቃል ግን ይቆጠራል፣ ይደመራል፣ ይፈለጋል። «ስንት ሰው ቀረ?» ተብሎ ሲጠየቅ አረንጓዴውን በጣት መቁጠር የለም። ሁለተኛ፣ ቀለም ከቤት አይወጣም። ዝርዝሩን ገልብጠው በቴሌግራም እንደ ጽሑፍ ለአሠሪው ቢልኩት ቀለሙ ይቀራል፤ በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ቢያትሙት ቀዩም አረንጓዴውም ግራጫ ይሆናሉ። ቃሉ ግን በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ብቻ አንድ አጻጻፍ መምረጥ ይገባል፤ አንዱ ጸሐፊ «ተከፍሏል»፣ ሌላው «ተከፍሎአል»፣ ሦስተኛው «ተከፈለ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለእኛ አንድ የሆነው ቃል ለማሽኑ ሦስት ነው።

ዝርዝሩን በተራ በሚያስተካክሉበት ጊዜ ደግሞ የስሙን ዓምድ ብቻ ይዘው ተራውን አይለውጡ። ስሞቹ ይዛወሩና ገንዘቡ በቦታው ይቀራል፤ የአንዱ ዕዳ በሌላው ራስ ላይ ይወድቃል። ሠንጠረዡን በሙሉ ይዞ ማዛወር ነው።

ስለ ስም አጻጻፍም ይኸው ችግር አለ፤ በምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ይብሳል። አንዱ ደንበኛ በንግድ ፈቃዱ ላይ በቁቤ፣ በባንክ ደብተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በእኛ መዝገብ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በግዕዝ ፊደል ብቻ እንኳ «መሐመድ»፣ «መሀመድ»፣ «ሙሐመድ» ተብሎ ይጻፋል። ፈልጎ የሚያደምቀው መሣሪያ የተጻፈለትን ፊደል ብቻ ስለሚያይ፣ በሐመሩ ሐ የፈለገ በሃሌታው ሀ የተጻፈውን አያገኝም፤ ስሙ ከዝርዝሩ የሌለ ይመስልና ሁለተኛ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሰው በሁለት መስመር ይኖራል፤ አንደኛው መስመር ተከፍሎ አረንጓዴ ሲሆን ሁለተኛው ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ አንዱ ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፈልበት በር ይህ ነው። መተግበሪያ የሚያሠራ ሁሉ፣ በፍለጋ ጊዜ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጠሩ በውሉ ላይ ያስጽፍ። ሥራው ለሠሪው የግማሽ ቀን ነው። ከስሙ ጎን ደግሞ የአያት ስምና የመጣበት ቀበሌ ቢታይ፣ ሁለቱ መሐመዶች ሳይነኩ በፊት ይለያሉ።

መክፈያ መተግበሪያዎችን በሚመለከት፣ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስምና የገንዘቡን መጠን ለብቻው በሌላ ገጽ አሳይተው ማረጋገጫ የሚጠይቁት መልካም አድርገዋል። ይህ ገጽ በእውነቱ ከሁሉ የተሻለው ማድመቅ ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ መስመር ብቻ ወጥቶ፣ ሌሎቹ ሁሉ ተሰውረው፣ በዓይን ፊት ይቆማል። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቻችን የምስጢር ቁጥሩን ለመጻፍ ስንጣደፍ ይህን ገጽ ሳናነበው ማለፋችን ነው። አሠሪዬ የሚያደርጉትን ብናገር ደስ ይለኛል። እኔ ስልኩን ይዤ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ፣ መጠኑንም ጨምሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ እርሳቸው መዝገቡን እያዩ «ይሁን» ይላሉ፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ተከፋዩ አጠገባችን የቆመ እንደሆነ እርሱም ይሰማል፤ ስሙ የተሳሳተ ከሆነ ከእኛ በፊት የሚናገረው እርሱ ነው።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር። መተግበሪያ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ብዙውን ጊዜ ግማሹን ዋጋ በመጀመሪያ፣ ግማሹን በርክክብ ቀን ይከፍላሉ፤ ርክክቡም በቢሮ ውስጥ፣ በጥላ፣ በአዲስ ስልክ ላይ ይደረጋል። ከዚህ ይልቅ የመጨረሻውን ክፍያ ከሦስት አንድ አድርጎ ማቆየት፣ ርክክቡንም በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ በመጋዘኑ ደጃፍ፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ በሚይዘው በአሮጌው ስልክ ላይ ማድረግ ይሻላል። መቶ ስም ይግባ፤ ሦስተኛው ምልክት ይደረግበት፤ እስከ ታች ይንሸራተት፤ ስልኩ ይጋደም፤ ተራው ይለወጥ፤ ይዘጋና ይከፈት። ሠራተኛው ራሱ፣ ማንም ሳያሳየው፣ የትኞቹ እንደተከፈሉ ከስልኩ አንብቦ ይናገር፤ ጸሐፊውም በወረቀቱ መዝገብ ያመሳክር። ሁለቱ ከተስማሙ የቀረው ሂሳብ በዚያው ቀን ይከፈል።